ለእጅ የሚተርፍ ቦታ

ሰውየው የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ቀኝ ክንዱን እስከ ክርኑ ሞተሩ ውስጥ ከትቶ፣ በጣቶቹ ጫፍ ይፈልጋል። ዓይኑ የሚያየው ሌላ፣ ጣቱ የሚዳስሰው ሌላ ነው። በጋራዡ በር ሥር ሾልኮ የሚገባው የጥር ብርድ ቁርጭምጭሚቱን ይቆነጥጠዋል። ከወደ ማድ ቤት የእራት ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ከተጠራ ሩብ ሰዓት አልፎታል፤ ‹‹መጣሁ›› ብሎ የመለሰውም ባትሪውን ከአፉ ሳያወጣ ስለነበር የሰማው የለም።

ቦታው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና የአርባ ደቂቃ መንገድ ያህል ርቆ የሚገኝ ሰፈር ነው። ጋራዡ ለሁለት መኪና የተሠራ ነው፤ ነገር ግን መኪና ከገባበት ስምንት ዓመት ሆኖታል። በመኪናዎቹ ምትክ ክንፉ ገና ያልተገጠመለት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ቆሟል። ሰውየው በሙያው የኮምፒውተር ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው ግን ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ ውስጥ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ የሚመለሰውም የአየር ኃይሉን አውሮፕላኖች አንጋጦ እያየ፣ በድንጋይ እየተደናቀፈ ነበር። አንዳንድ ሰው የልጅነት መደናቀፉን ይረሳዋል፤ እርሱ አልረሳውም።

አውሮፕላን በቤት ይሠራል ሲባል ለብዙዎቻችን ተረት ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ግን የቆየ ባህል ነው። ፖል ፖበረዝኒ የሚባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 በዊስኮንሲን ግዛት የመሠረቱት የሠሪዎች ማኅበር እስከ ዛሬ አለ፤ በየዓመቱ በኦሽኮሽ ከተማ የሚያካሂደው ትርኢትም ሰማዩን በአውሮፕላን ይሞላዋል። ሕጉ የሚጠይቀው፣ ሠሪው ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ሲል ከሥራው የሚበዛውን እጅ ራሱ መሥራቱን ነው፤ ሠሪዎቹ ‹‹የ51 በመቶ ደንብ›› ይሉታል። የኛ ሰው የሚሠራው አውሮፕላን አር ቪ-7 ይባላል። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን እ.ኤ.አ. በ1973 በኦሪገን ግዛት ካቋቋሙት ድርጅት አካሉ በቁርጥራጭ ተገዝቶ፣ ከ10,000 በሚበልጥ ሪቬት የሚሰፋ ነው። ከነዚያ ሪቬቶች ብዙዎቹ ሲመቱ፣ ከውስጥ በኩል ብረቱን ደግፋ የያዘችለት ሴት ልጁ ናት። ስትጀምር የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ሞተሩ ላይካሚንግ ኦ-360 ነው። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር። ከፊት ሲያዩት ገላጣ ነው፤ ጉዱ ያለው ከጀርባው ነው። በሞተሩና በአብራሪው እግር መካከል፣ እሳት ቢነሣ ወደ ሰው እንዳይዘልቅ የሚከላከል ስስ የማይዝግ ብረት ግድግዳ አለ። በዚህ ግድግዳና በሞተሩ ጀርባ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት የማይሻማት ነገር የለም፤ ሻማዎቹን የሚያቀጣጥሉት ሁለቱ ማግኔቶዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠውባታል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎች ያቋርጧታል፤ ሞተሩን የተሸከሙት የብረት ዘንጎች ይሰነጥቋታል፤ የሽቦ ጥቅልም አለ። ሰውየው ደግሞ በዚህ ላይ በገዛ ፈቃዱ አንድ ነገር ጨመረ። መለኪያዎቹ ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ዋናው ዲናሞ ቢከዳው የሚደርስለት አነስተኛ ረዳት ዲናሞ ከመካከሉ ላይ ገጠመ። አሳቡ የጥንቃቄ ነበር። አንዱ ጥንቃቄ የሌላውን ጥንቃቄ ቦታ ሲወስድ ግን የሚያስጠነቅቅ የለም።

ከዚያ ረዳት ዲናሞ ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ማግኔቶዎች መካከል፣ የዘይት ወንፊት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለ። ብዙ ሠሪ ወንፊቱን ያወጣና በምትኩ ማያያዣ አስሮ፣ እንደ መኪና ያለ ተጠምዛዥ የወረቀት ማጣሪያ ይገጥምበታል፤ የአዲስ አበባ ጋራዦች ‹‹ፊልትሮ›› የሚሉት ነው። አንድ ስንዝር የማይሞላ ጣሳ። ይህች ጣሳ ናት እንግዲህ አንድን ሰው በጥር ብርድ እራቱን የምታስረሳው።

አንባቢ ‹‹ለአንድ ጣሳ ይህ ሁሉ?›› ቢል አይፈረድበትም። ነገሩን ለመረዳት ጣሳዋ የምትሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሰባት ሊትር ተኩል ያህል ዘይት ይይዛል፤ ፓምፑ ይህን ዘይት ያለ ማቋረጥ ያዞረዋል፤ ከሚፋተጉት ብረቶች የሚረግፈውን ብናኝ ማጣሪያው ያስቀራል። ይህ አንደኛው ሥራ ነው፤ ዋናው ግን አይደለም። በአማርኛ ‹‹ማጣራት›› የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ውሃ ይጣራል፣ ነገርም ይጣራል። የሞተሩ ማጣሪያ ሁለቱንም ይሠራል። አገልግሎቱን ሲጨርስ አይጣልም፤ ይቀደዳል። የሚቀደደውም እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ ባለ መሣሪያ ነው እንጂ በመጋዝ አይደለም፤ መጋዝ የራሱን የብረት ብናኝ እየረጨ ማስረጃውን ያበላሻልና። ከዚያ የተጣጠፈው ወረቀት ይወጣል፣ ሞርሳ ላይ ተጨምቆ ዘይቱ ይጠፈጠፋል፣ እጥፋቱ አንድ በአንድ ተዘርግቶ በጠንካራ ብርሃን ይነበባል። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከካምሻፍት ወይም ከማርሽ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ሆኖ የማይሳበው አሉሚኒየም ነው፣ ወደ ፒስተኖቹ አካባቢ ይጠቁማል፤ ቀላ ያለው ነሐስ ነው። ሞተሩ ሊታመም ሲጀምር በድምፅ ከመናገሩ በፊት በዚህ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

ይህ ሞተር በተለይ የሚጽፈው አያጣም። ካምሻፍቱ ያለው ከላይ በኩል ነው። አውሮፕላኑ ለሳምንታት ቆሞ ሲከርም ዘይቱ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ካምሻፍቱ ራቁቱን ይቀራል፤ እርጥበት ያገኘዋል፤ ዝገት ይጀምረዋል። በቤት የተሠሩ አውሮፕላኖች ደግሞ ብዙዎቹ ከሚበሩበት ጊዜ የሚቆሙበት ይበልጣል፤ ባለቤቶቻቸው ሥራ አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ ዝናብ አለ። አምራቹ ወንፊት ብቻ ያለው ሞተር ዘይቱ በየ25 ሰዓቱ፣ ማጣሪያ ያለው በየ50 ሰዓቱ፣ ያም ባይሆን በየአራት ወሩ እንዲቀየር የሚያዘው ያለ ነገር አይደለም። ማጣሪያው ተረስቶ ቢደፈን ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ በጎን ያልፋል፤ ሞተር ቆሻሻ ዘይት ለጊዜው ይችላል፣ ዘይት ማጣትን ግን አይችልምና። አብራሪው ፊት ያለው የግፊት መለኪያ በዚህን ጊዜም ‹‹ደህና ነኝ›› ሊል ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ያለ ማጣሪያ የሚሠራ ሞተር ሞልቷል። ኢትዮጵያዊው አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመብረር ለሞከረባት ኬ-570ኤ የመረጠው የቮልስዋገን ቢትል ሞተር ነበር፤ ያ ዓይነት ሞተር ከፋብሪካ የሚወጣው ከሥሩ የሽቦ ወንፊት ብቻ ይዞ ነው። ወንፊት ትልልቁን ያስቀራል፤ ደቃቁን ያሳልፋል። ደቃቁ ነው ደግሞ ቀድሞ የሚመጣው።

የኛ ሰው ማጣሪያውን አልተወም። ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ሞከረው። በአንድ በኩል ማግኔቶ፣ በሌላው ዘንግ፣ ከታች ዲናሞ፣ ከኋላ ግድግዳ። የርሱ እጅ ማጣሪያውን እንደ ያዘ አያልፍም፤ ማጣሪያው ለብቻው ያልፋል፤ እጁም ለብቻው ያልፋል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጁ ‹‹ባባ፣ እኔ ልሞክር›› አለችው። ክንዷን ከሥር በኩል፣ በዲናሞውና በዘንጉ መካከል አሾለከች፤ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ዓይኖቿን ጨፈነች። ማጣሪያው ጥርሱን ያዘ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ጋርኒሲዮኑ ነካ። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ጮኹ። እናት ምን ወደቀ ብላ ከቤት ወጣች።

በማግሥቱ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሽማግሌው መጡ። እኒህ ሰው በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ የነበሩ፣ የዲሲ-3ን ባለ አሥራ አራት ሲሊንደር ሞተሮች እየፈቱና እየገጠሙ ያረጁ ናቸው። አሁን የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ አውሮፕላኑን በዝምታ ይዞሩታል፤ በመጨረሻም አንዲት ነገር ብቻ ይናገራሉ። ሰውየው ያቺን አንዲት ነገር ከመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ይልቅ ይፈራታል።

መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ አጎነበሱ።

‹‹ይህቺን እንዴት አስገባሃት?››

‹‹እኔ አይደለሁም ጋሼ። እሷ ናት።››

‹‹ጎበዝ። እስቲ አውጪያት እናቴ።››

ልጅቱ ክንዷን አስገባች። ለማስገባት የፈጀባት ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ለማውጣት ሰባት ፈጀ። ሽማግሌው ሰዓታቸውን ሲመለከቱ አባትየው አይቷል። ማጣሪያው ከጥርሱ ቢላቀቅም ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ቦታ ስላልነበረው ማዘንበል፣ ከዚያ ማዞር፣ ከዚያ ቱቦውን መግፋት ግድ ሆነ። የእጇ አንጓ ተጫረ። ይህም ሁሉ ማጣሪያው ባዶ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው፤ ማጣሪያው ንዝረት እንዳይፈታው የምታስረው ሽቦም ገና አልታሰረችም።

‹‹ስንት ዓመትሽ ነው?››

‹‹አሥራ ሁለት።››

ሽማግሌው ወደ አባትየው ዞሩ። ‹‹የዚህች ልጅ እጅ ያድጋል›› አሉት።

አባትየው ሳቀ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ያን ጊዜ መከራከር ጀመረ። ‹‹ያኔ ማግኔቶውን ፈትቼ አወጣዋለሁ ጋሼ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።››

‹‹ማግኔቶውን ስትመልስ የማቀጣጠያ ልኩን እንደገና ልታስተካክል ነው?››

‹‹አዎ።››

‹‹በየ50 ሰዓቱ?››

‹‹በየ50 ሰዓቱ።››

‹‹ታደርገዋለህ?››

መልስ አልነበረም። ቡናው እስኪቀርብ ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ ሽማግሌው፣ ጥንት የሆነውን ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገር፣ ስኒውን በመዳፋቸው እያዞሩ ተናገሩ። በአንድ የክፍለ ሀገር ሜዳ፣ ሊመሽ ሲል፣ ዝናብ እየመጣ፣ የአንዱን ሞተር የዘይት ወንፊት አውጥተው ማየት ነበረባቸው። መሰላሉ አጭር ነበር፤ ብሎኑ የማይደረስበት ነበር፤ መንገደኞቹ ተሳፍረው ነበር። ወንፊቱን ሳያዩ ‹‹ታይቷል›› ብለው ፈረሙ።

‹‹ምን ሆነ?›› አለ ሰውየው።

‹‹ምንም። ምንም አልሆነም። በሰላም ደረሱ። የጎዳኝም እሱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ለመፈረም እጄ አልከበደኝም።›› ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደፈረሙ አልተናገሩም፤ እርሱም አልጠየቃቸውም። ‹‹ሰው ሰነፍ አይደለም። ቦታው ነው የሚያሰንፈው። እጅ የማይደርስበትን ቦታ፣ ልብም እያደር ይተወዋል።››

ስለ አውሮፕላን አደጋ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ነው፤ በአብራሪው፣ በነፋሱ፣ በተሰበረው ብረት። ብረቱ የተሰበረበት ምክንያት ግን ከዓመታት በፊት በአንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ‹‹ይሁን፣ ገብቷል›› በተባለበት ምሽት ተወስኖ ሊሆን ይችላል። በዚያ ምሽት ደግሞ ያጠፋ ሰው የለም፤ የደከመ ሰው ብቻ ነው ያለው። በትልልቅ ፋብሪካዎች ይህን የሚከላከል ሌላ ሰው አለ፤ ነዳፊው አንድ፣ ገጣሚው ሌላ፣ ጠጋኙ ሌላ ነው፤ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። በቤት በሚሠራ አውሮፕላን ግን ነዳፊውም፣ ገጣሚውም፣ ጠጋኙም፣ አብራሪውም አንድ ሰው ነው። ለራሱ የሚራራ ሰው የት ላይ እንደሚራራ ያውቃል።

ሰውየው በዚያ ሳምንት ማጣሪያውን ወደ ጎን አኖረና በልኩ ከወፍራም ካርቶን ጥቅል ሠራ። ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ማጣሪያውን ከሞተሩ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ማሰር፣ ዘይቱንም በሁለት ቱቦ ማመላለስ። ለእጅ እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ ሊያፈስ ይችላል፤ ከሥር ደግሞ የጋለ የጭስ ማውጫ አለ። ይህን መንገድ የመረጡ ብዙ ሠሪዎች በሰላም ይበርራሉ፤ እርሱ ግን ትኩስ ዘይት የሚያልፍባቸውን መገጣጠሚያዎች ማብዛት አልወደደም። ሁለተኛው መንገድ የማያያዣውን ቁራጭ ለውጦ፣ ማጣሪያውን ወደ ግድግዳው ሳይሆን በ90 ዲግሪ ወደ ጎን የሚያዞር መግጠም ነው። ካርቶኑን በዚያ አቅጣጫ ያዘው፤ ከማቀዝቀዣው ቱቦ ጋር ተጋጨ። ቱቦውን አነሣው፤ ከሽቦው ጥቅል ጋር ተጋጨ። በተጨማሪም ቆሞ የማይነካካው ሁሉ ሲንቀሳቀስ አለመነካካቱን ማረጋገጥ ነበረበት፤ ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ሲነሣና ሲጠፋ እንደ ወፈፌ በሬ ይወዛወዛል፤ ግድግዳው ግን አይወዛወዝም። ስለዚህ በካርቶኑ ዙሪያ የጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ እንዲተርፍ ፈለገ።

አምስት ሳምንት ፈጀ። የማቀዝቀዣው ቱቦ በሌላ ልክ ታዘዘ፤ የሽቦው ጥቅል ተፈትቶ በሌላ በኩል ዞረ። በመጨረሻ ካርቶኑ በአባትየው ሙሉ መዳፍ ተይዞ ገባና ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረው። የክረምት ጓንት አጥልቆም ሞከረው። ከዚያ እውነተኛው ማጣሪያ ገባ፤ ጋርኒሲዮኑ ተቀብቶ፣ ልክን በሚለካ መፍቻ ከ16 እስከ 18 ፉት-ፓውንድ ተጠብቆ፣ ሽቦው ታሰረ። ሽቦውን ያሰረችው ልጅቱ ናት፤ በዚህ ጊዜ ግን የታሰረው ዓይን እያየው ነው። ሽማግሌው መጥተው አዩት። የዚያን እሑድ አንዲቷን ነገር ሳይናገሩ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

አውሮፕላኑ የበረረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። አዲስ የተሠራ አውሮፕላን በተፈቀደለት አካባቢ ብቻ እየበረረ የሚፈተንበት ጊዜ አለ፤ ሞተሩና ፕሮፔለሩ አስቀድሞ አብረው የጸደቁ ከሆኑ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40 ሰዓት ነው። የርሱ 25 ነበር። በነዚያ ሰዓታት መንገደኛ መጫን ክልክል ነው። ልጅቱ ስለዚህ ከአጥር ማዶ ቆማ 25 ሰዓት ቆጠረች፤ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ እያንዳንዷን በረራ በደቂቃ ጽፋለች።

ሃያ አምስቱ ሲሞላ የመጀመሪያው የዘይት ለውጥም ደረሰ። ሕጉ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጎኑ እንድትቀመጥ ይፈቅዳል፤ አባትየው ግን አንድ ቀን እንድትታገሥ ነገራት። ኮፈኑን አነሣ። ሞተሩ ገና ሙቅ ነበር። ከተቆረጠ ጀሪካን የሠራውን መቀበያ ከሥር አስገባ፣ ሽቦውን በጠሰ፣ ማጣሪያውን በመዳፉ ዞረው፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። አንዲት ጠብታ የጭስ ማውጫው ላይ ወርዳ ጨሰች። ጣሳው ተቀደደ። ወረቀቱ ሞርሳ ላይ ተጨመቀ። ልጅቱ ነጭ ጨርቅ ላይ እጥፋቱን አንድ በአንድ ዘረጋችው፤ አባትየው መብራቱን ያዘ፤ ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጠው አጎነበሱ።

ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነገሮች ነበሩ። የልጅቱ ፊት ተለወጠ። ሽማግሌው ማግኔቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት፤ በወረቀቱ ላይ ቀስ ብላ አሳለፈችው። ከፀጉር የቀጠኑ ጥቂት ብናኞች ተያዙ፤ ሌሎቹ ነጫጮቹ ባሉበት ቀሩ። ሽማግሌው አንዷን በጣታቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው አሿት፤ ስንጣሪ አልነበረችም፣ ዱቄት ሆና ጠፋች። ‹‹አዲስ ሞተር ነው›› አሉ። ‹‹እርስ በርሱ እየተላመደ ነው። የሚቀጥለውን በ50 ሳይሆን በ25 ክፈቱት፤ ከዚህ ካነሰ ደግ ነው።››

አባትየው ይህንኑ መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታየውን። ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ ከሚቀጥለው ጋር እንዲያመሳክረው መደርደሪያው ላይ አኖረው። ልጅቱ አዲሱን ማጣሪያ አንሥታ ልትገጥም ስትል፣ ለልማዷ ያህል ክንዷን በድሮው መንገድ፣ ከሥር በዲናሞውና በዘንጉ መካከል ለማሾለክ ሞከረች። አንጓዋ ላይ ሲደርስ አልገባም አላት። ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ቡናቸውን እየጠጡ ነበር።